ወደ ነገሥታቱ ቅጥር ያልተመለሰው አፈር

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ሦስት ዓመት ከአራት ወር አለፈ። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ የቆየሁት ረስቼህ እንዳይመስልህ፤ ፈርቼህ ነው። «ይቺ ልጅ ተኝታም አፏ አያርፍም» እያልክ ለጎረቤቱ ሁሉ የምታወራብኝ እኔ ሰናይት፣ ላንተ የምለው አጥቼ ዝም ብዬ ከረምኩ ብልህ ታምናለህ? «አንቱ» ልበልህ ወይስ «አንተ» ብዬም ተጨነቅሁ። ሰው ፊት አንቱ ስልህ ዞር ብለህ በሩን እያየህ «ማን መጣ?» ትለኝ ነበርና ትቼዋለሁ። አንተ ነህ፤ እዚያም ሆነህ አንተ ነህ።

የፈራሁት በአፈሩ ምክንያት ነው። ሆስፒታል ተኝተህ በመጨረሻው ሳምንት፣ የኦክስጅኑን ቱቦ ከአፍንጫህ ገፋ አድርገህ «ሰናይት፣ ያንን አፈር ከወሰድኩበት መልሽልኝ። የሰው ቤት ነክቼ አልሂድ» አልከኝ። እኔም እጅህን ይዤ እመልሳለሁ አልኩ። ሄጄ ነበር አባዬ፤ ሴኡል ድረስ ሄጄ ነበር። የሆነውን ከሌላ ሰው አፍ ሳይሆን ከእኔ ስማው። ግን ወሬ ከመሃል እንደማልጀምር ታውቃለህ፣ እስቲ ከቤቱ ልነሣ።

ቤታችን ያው ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ነው፣ ያው አሥራ አንደኛ ፎቅ። ከሦስቱ ሊፍት አንዱ ዛሬም ተበላሽቷል፤ «ይጠገናል» የሚለው ወረቀት ራሱ ቢጫ ሆኗል። ያንተ ክፍል ውስጥ ልጄ ማርታ ገብታለች። የልጅ ልጅህ ዩኒቨርሲቲ ጀመረች፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፣ ፎቶህን ግን ከግድግዳው አላወረደችውም። ኤግሊንተን መንገድ ለባቡር ተቆፍሮ አውቶቡሱ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። እኔ አሁንም እዚያው የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው፣ ሺፍቴ ግን ጠዋት ሆነልኝ። እህቴ ትዕግስት ሬክስዴል ገባች፣ ከጴንጤ ቤተ ክርስቲያኗ ሁለት ፌርማታ ላይ። አንተና ኮሪያዊው ወዳጅህ ሚስተር ዩን ጠዋት ጠዋት ትቀመጡበት የነበረው የገበያ ማዕከሉ፣ የሞሉ፣ አግዳሚ ወንበርም ተነሣ። በቦታው የስልክ ሽፋን የሚሸጥ ልጅ ቆሟል። እዚያ ጋ ስደርስ ዛሬም እግሬ ቀስ ይላል።

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም ያነበው እንደሆን ግራ እንዳይገባው፣ የአፈሩን ነገር ከሥሩ ልናገር። አንተ ታውቀዋለህ፣ ግን ስሰማው አልጠላም ትል ነበር።

አፈሩ ያለባትን ያቺን የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ዓይኔን ከገለጥኩ ጀምሮ አውቃታለሁ። ኮሪያ ዘምተህ፣ ተኩሱ ካቆመ በኋላ፣ በጭነት መኪና ስንቅ ልታመጣ ሴኡል ስትገባ ከተማው ግማሹ አመድ ነበር አልከን። ከፍርስራሹ መሃል አንድ ረጅም የድንጋይ አጥር ሳይወድቅ ቆሞ አየህ። በበሩ ስትዘልቅ በረዶ የለበሰ ሰፊ የድንጋይ ግቢ፣ ከግቢው ማዶ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አንድ ረጅም ቤት፣ ዓምዶቹ እንደ ወታደር የተሰለፉ። ሰው የለም፤ ድምፅ የለም። «እንዲህ ዝም ያለ ቦታ ያለ ታቦት አይሆንም» ብለህ ባርኔጣህን አወለቅህ፣ በሩን ተሳለምህ። ስትወጣም በኋላ በኩል ዞረህ ከሰሜኑ አጥር ሥር የበረደውን መሬት በሳንጃ ፈልፍለህ፣ ልክ ከገዳም እምነት እንደሚያመጣ ሰው አፈሩን በመሐረብ ቋጥረህ ያዝክ። ከተሳለሙበት ቦታ በባዶ እጅ መመለስ መቼ ታውቅና!

ከዚያ ወዲያ በእኛ ቤት ትኩሳት የያዘው፣ ራሱን ያመመው፣ ፈተና የሚቀመጥ ሁሉ ግንባሩ በዚያ አፈር ተቀብቷል። ኩፍኝ ይዞኝ የሞትኩ መስዬ ስተኛ እማዬ «ከኮሪያው ቀቧት» ብላ ስትጮህ እሰማት ነበር። የጎረቤት ልጆች ሳይቀሩ ይሰለፉ ነበር። አንድ ቀን አስተማሪዬ ግንባርሽ ላይ ያለው ምንድን ነው ብትለኝ «የኮሪያ እምነት ነው» አልኳትና ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። እኔ ግን ኮራሁ። ሌላው ከጻድቃን ገዳም ሲያመጣ የእኛ አባት ባሕር ተሻግሮ አምጥቷላ!

ቶሮንቶ ሳመጣህ ከሻንጣህ መጀመሪያ ያወጣኸው እሷን ነው። አልጋህ አጠገብ፣ ከመነጽርህ ጎን አስቀመጥካት።

ሚስተር ዩንን ያገኘኸው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው፣ ስምንተኛ ፎቅ የሚኖረውን ጡረታ የወጣ ባለ ሱቅ። ኮሪያዊ መሆኑን ስታውቅ ከወታደርነትህ የቀሩልህን ቃላት ሁሉ አንድ ባንድ ደረደርክለት። ሰውየው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ለካ ግማሹ ስድብ ነው! ከዚያ ሳቀና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣህ። አንተ በአሥር ዓመት ስለምትበልጠው «ህዮንግ» ይልህ ጀመር፣ ታላቅ ወንድሜ ማለት ነው። ሁለታችሁም እንግሊዝኛችሁ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፣ ያንኑ አንድ ገጽ ግን በየቀኑ ስታነቡት ትውሉ ነበር።

አንድ ጠዋት ታዲያ ከኮሪያ ግሮሰሪ የተሰጠውን ካላንደር ይዞ ወደ ሞሉ መጣ። ገጹን ሲገልጥ ያንን ረጅም ቤት አየኸው። ያንን ግቢ፣ ያንን አጥር። እቤት ድረስ በዚያ በታመመ ጉልበትህ ሄደህ ቆርቆሮዋን ይዘህ ተመለስክ። የዕረፍት ቀኔ ስለነበር አጠገባችሁ ነበርኩ፤ እኔ ነበርኩ ያስተረጎምኩላችሁ። ሚስተር ዩን አፈሩ ከየት እንደመጣ ሲገባው ብድግ ብሎ ቆመ፤ ቆርቆሮዋን በሁለት እጁ ተቀብሎ ግንባሩ ላይ አደረጋት። ቡና የሚጠጣው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ከዚያ ነገረህ። ቦታው ጆንግምዮ ይባላል አለህ። ገዳም አይደለም፣ ታቦትም የለውም። የሞቱት ነገሥታትና ንግሥታት ስም በእንጨት ላይ ተጽፎ፣ ለየራሳቸው ክፍል ተሰጥቷቸው የሚያርፉበት ቤት ነው። ልጆቻቸው በየዓመቱ ምግብና መጠጥ ያቀርቡላቸዋል፣ ዜማ ይዜምላቸዋል። በግቢው መሃል ከፍ ብሎ የሚሄደው የድንጋይ መንገድ የእነሱ ብቻ ነው፣ ሰው አይረግጠውም። አንተ ደግሞ ከነቡትህ ቀጥ ብለህ በዚያው ነበር የሄድከው።

የቀረውንም ነገረን። ጥንት ቤተ መንግሥቱና ያ የነገሥታት ቤት አንድ ኮረብታ ላይ፣ አንድ ጫካ ውስጥ ነበሩ፤ ጃፓኖች አገሩን ሲገዙ መሃላቸውን በመኪና መንገድ ቆረጡት። የእሱ አያት እስክትሞት ድረስ ያንን መንገድ አልተሻገረችም፣ የተቆረጠ ሰውነት ላይ መሄድ ነው ትል ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ከቅጥሩ ፊት ለፊት ድሀው በሳጥን እንጨት ጎጆ ቀለሰ። የእናቱም ቤት ከዚያ አንዱ ነበር። በኋላ ሠፈሩ ፈረሰና በቦታው እንደ መርከብ የረዘመ የሲሚንቶ የገበያ ሕንጻ ቆመ። ያን ጊዜ ነው አገሩን የተወው።

አንተ ግን ጆሮህ ውስጥ የቀረው ሌላ ነው። ያን ቀን ምሳህን አልበላህም። «በሙታን ቤት አፈር ነው ለካ ልጆቼን ስቀባ የኖርኩት» አልክ። የንስሐ አባትህ እኛ ቤት መጥተው ባለማወቅ የተደረገ ነው፣ አይጨነቁ አሉህ። ትዕግስት ደግሞ እሳት ለብሳ መጣች፤ «አባዬ፣ ይሄ መንፈስ ነው፣ በኢየሱስ ስም ዛሬውኑ ወደ ቆሻሻ መጣያው!» ብላ ቆርቆሮዋን ለመንጠቅ እጇን ስትዘረጋ፣ አንቺ በዚህ ተቀብተሽ ነው ለጴንጤነት የበቃሽው አልካትና ሳቅኩ። አንተ አልሳቅህም። አንተን የበላህ መንፈሱም አይደለም፣ ኃጢአቱም አይደለም። ከሰው ቤት ባለቤቶቹን ሳታስፈቅድ መውሰድህ ነው። በጦርነት እንኳ የሰው እህል ያልነካህ ሰው፣ ማንም በሌለበት ከሙታን ደጅ ወሰድኩ ብለህ እንቅልፍ አጣህ። ከዚያ ታመምክ። ከዚያ አስማልከኝ።

ሚስተር ዩን ካንተ ወዲህ መርሳት ጀመረው። ምድጃ ለኩሶ ይረሳል፣ ሊፍት ውስጥ ገብቶ ቁጥሩ ይጠፋዋል። አገሩን ሳይረሳው አንድ ጊዜ ይየው ብሎ ልጁ ወሰነ፤ እሱ ሥራ አልለቀው ስላለ፣ ሽማግሌ መንከባከብ ያንቺ ሙያ ነው፣ እባክሽ አብረሽው ሂጂ ብሎ ለመነኝ። ደስታዬን ብታየው! አፈሩን እኔ ራሴ አደርሳለሁ ብዬ ለመጦሪያው ሽማግሌዎች ሁሉ አወራሁ። ቆርቆሮዋን ባለ ጥለት ነጭ ነጠላ ጠቀለልኳት። በአውሮፕላኑ ውስጥ አሥራ ምናምን ሰዓት ጭኔ ላይ ነበረች።

አሁን የፈራሁት ቦታ ላይ ደረስኩ።

አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሲል ፎርም ሰጡን። ሥጋ ይዘሃል፣ ተክል ይዘሃል፣ አፈር ይዘሃል ይላል። ሚስተር ዩን የለም በይ አለኝ። እኔ ደግሞ፣ ላንተ የምሄድበትን ጉዳይ በውሸት ልጀምር? አዎን የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። እውነቱን ብናገር ለእውነት ብዬ ብቻ አልነበረም፣ መናገርም አምሮኝ ነበር። ከወረድን በኋላ ፍተሻው ጋ ከጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እግር ሴት ምንድን ነው ብትለኝ፣ ከጭነት መኪናህ ጀምሬ ኩፍኜን ጨምሬ፣ አንዱን ሳላስቀር ነገርኳት። ሚስተር ዩን እያለቀሰ ያስተረጉማል። ልጅቷም ዓይኗ እንባ ሞላ። ተነሥታ አለቃዋን ጠራች። አለቃው መጣ፣ ሰማ፣ ለቆርቆሮዋ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ በቃ አለፈልን ብዬ ልቤ ዘለለ።

ከዚያ በጨዋ ደንብ፣ ከውጭ የሚመጣ አፈር አይገባም አለ።

«የዚህ አገር አፈር ነው እኮ!» አልኩ። ከዚህም ቢሄድ አሁን የሚመጣው ከውጭ ነው አለ። በሽታ፣ ትል፣ የማይታይ ነገር ይኖረዋል፤ ሕጉ ለማንም አንድ ነው። ሚስተር ዩን ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አንተ ሳትወለድ፣ አባትህም ሳይወለድ የዚህ አገር የነበረ ነው ብሎ ጮኸበት። ሰውየው ራሱን ዝቅ አድርጎ ስድቡን ሁሉ ሰማ፣ ግን አልሰጠንም። ወረቀት ላይ አስፈረሙኝ። ይቃጠላል አሉ። ቆርቆሮዋን አጥበው መለሱልኝ፤ የመድኃኒት ሽታ ሸተተችኝ።

ወደ ከተማ በሚወስደው አውቶቡስ ሚስተር ዩን አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገረኝ፤ «ለምን ተናገርሽ?» አለኝ። መስኮቱን እያየ ቀረ። አባዬ፣ ስድሳ ዓመት አንተ የጠበቅከውን አፈር እኔ በአንድ ጠዋት ወሬ አስወሰድኩት። ዝም ብል ያልፍ ነበር። የልጅነት አመሌን ስታማ የኖርከው ለካ ለዚህ ቀን ነው።

ቅዳሜ ባዶ እጃችንን ወደ ጆንግምዮ ሄድን። ሚስተር ዩን ይመራኛል፣ ግን የሚመራበት መንገድ የለም። እዚህ የኑድል ቤት ነበር ይላል፣ መስታወት ያለው ባንክ ነው። የዚያ እንደ መርከብ የረዘመ ሕንጻ ከቅጥሩ ፊት ያለው አንዱ ክፍል ፈርሷል፤ በቦታው ሣር ተተክሎበታል። ሣሩ መሃል ቆሞ በእግሩ ለካ፣ ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፤ «እዚህ ጋ የእናቴ ምድጃ ነበር» አለኝ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ሣሩን በመዳፉ ዳሰሰ። መጀመሪያ ለሲሚንቶ ብለው አፈረሱን፣ አሁን ሲሚንቶውን ለሣር አፈረሱት፤ ሣር ከሆነ የተፈለገው እኛ ምን ቸገረን፣ እንተክለው አልነበር? አለ።

ከበሩ ፊት ያለው አደባባይ ድሮ ሽማግሌዎች ጥቁርና ነጭ ጠጠር እየደረደሩ ሲጫወቱ፣ ሲከራከሩ የሚውሉበት ነበር። ሲታደስ ጊዜ ወንበሮቹ ተነሥተው ሰዎቹም ተበተኑ። ንጹሕ ነው፣ ያምራል፣ ሰው ግን የለበትም። አንድ ብቻውን የቀረ ሽማግሌ ካርቶን አንጥፎ ተቀምጦ አየንና ሚስተር ዩን ጠየቀው። ማዶ ደግሞ ትልልቅ ፎቆች ሊሠሩ ነው አለን። የሚጨቃጨቁት፣ ከነገሥታቱ ግቢ ቆሞ የሚያይ ሰው ከዛፎቹ በላይ ስንት ፎቅ ቢታየው ይበቃል እያሉ ነው። ነገሥታቱን ማንም አልጠየቃቸውም ብሎ በሌለ ጥርሱ ሳቀ።

ውስጡ ግን አባዬ፣ አልዋሸኸንም። ያ ቤት እንዳልከው ነው። ድንጋዩ ጎርባጣ፣ ዓምዶቹ እንደ ተሰለፉ፣ ዝምታው ጆሮ ይይዛል። የመኪናው ጩኸት ከአጥሩ ውጪ ቀርቶ ውስጥ የሚሰማህ የራስህ ትንፋሽ ነው። እኔም ሳላስበው ነጠላዬን አጣፋሁ። በመሃለኛው መንገድ አልሄድኩም፣ በዳር በዳር ሄድኩ፤ ያንተንም የቡት ዱካ በልቤ ወደ ዳር አወጣሁት።

ከዚያ ሚስተር ዩን ወደ ሰሜኑ አጥር፣ አፈሩን ወደ ፈለፈልክበት ወሰደኝ። መድረስ አልቻልንም። መንገዱ በቆርቆሮ ታጥሯል፣ ቁፋሮው ምድር ያናውጣል። ያንን ጃፓኖች ኮረብታውን የቆረጡበትን መንገድ ከመሬት በታች ሊያደርጉትና ከላይ አፈር ሞልተው፣ ዛፍ ተክለው ቤተ መንግሥቱንና የነገሥታቱን ቤት መልሰው ሊያገናኙ ነው። ጥሩ ነው አይደል? እኔም ጥሩ ነው አልኩ። ግን በአጥሩ ቀዳዳ ሳይ የጭነት መኪናዎች ተሰልፈዋል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አፈር በመኪና በመኪና ያፈስሳሉ። የእኔን አንድ እፍኝ ከልክለው! እዚያው አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የብረት ቆብ ያደረገ ሠራተኛ መጥቶ አደጋ አለው፣ ተነሺ አለኝ።

ተነሣሁና ወደ አጥሩ ዞሬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ምን ታደርገዋለህ፣ የቀረኝ እሱ ነው። «የአሥር አለቃ በቀለ ልጅ ነኝ» አልኩ። «አባቴ ከደጃችሁ አፈር ወስዷል። ሊሰርቅ አይደለም፣ የአምላክ ቤት መስሎት ነው። ሰባት ልጅ አድኖበታል። ልመልስ መጥቼ በእኔ ጥፋት ጠፋ። እባካችሁ ይቅር በሉት» አልኩ። በአማርኛ ነው፣ በቁፋሮው ጩኸት መሃል። ሚስተር ዩን አላስተረጎመም፤ ከጎኔ ተንበርክኮ ሁለቴ ሰገደ። የሠራተኛው ፉጨት ብቻ መለሰልን።

ዛሬ ሚስተር ዩን እኔ የምሠራበት መጦሪያ ገብቷል፣ ሦስተኛ ፎቅ። የልጁን ስም ይረሳል፣ የእኔንም ይረሳል፣ ያንን አፈር ግን አልረሳም። ጠዋት ልብሱን ሳለብሰው «አስገቡት?» ይለኛል። መጀመሪያ እውነቱን ስነግረው እንደ አዲስ መርዶ እየሆነበት በየጠዋቱ ያለቅስ ነበር። ሁለት ሳምንት እንዲህ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን «አዎ፣ አስገቡት፣ ከአጥሩ ሥር አፈሰስነው» አልኩት። ፊቱ በራ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እዋሸዋለሁ። ሌላ አበባ፣ ሌላ ዛፍ እየጨመርኩ አሳምሬ እዋሸዋለሁ፤ ውሸቱ እየጣመኝ ሲመጣ ደነገጥኩ። አንድ ቀን እኔም ላምነው ነው። ይህን የጻፍኩልህ ለዚያ ነው፤ ቢያንስ አንድ ሰው ጋ እውነቱ ይቀመጥ ብዬ።

አፈሩ አልተመለሰም አባዬ። የገባሁልህን ቃል አልፈጸምኩም፣ በራሴ አፍ አበላሸሁት። አባታችን ቄሱ አይስሙኝ እንጂ፣ አሁን ለእነዚያ ነገሥታት ከእኔ ይልቅ አንተ ሳትቀርባቸው አትቀርም። ካገኘሃቸው ባርኔጣህን አውልቅና ራስህ ንገራቸው። ቋንቋ እንዳትፈራ፤ ሚስተር ዩን ያስተረጉምልሃል፣ ሐኪሞቹ እንደሚሉት ብዙም አይቆይብህም። በድሮዎቹ ቃላትህ ብቻ አደራ እንዳትጀምር!

እኔ ደግሞ ሙት ዓመትህ በመጣ ቁጥር ደግነትህን ብቻ እየመረጥኩ አላወራም። ማርታ ከተቀመጠችበት አልጋህ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የወሰድከውንም፣ የተጸጸትከውንም፣ እኔ ያጠፋሁትንም ነግሬያታለሁ፤ እሷም ለልጆቿ፣ በፈለገችው ቋንቋ ይሁን፣ ሳትቀንስ እንድትነግር ቃል አስገብቻታለሁ። እንዳለህ ሆነህ ነው የማስብህ፣ ከነጥፋትህ።

አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ፤ ሚስተር ዩን ነቅቶ እየጠበቀኝ ነው።

ልጅህ ሰናይት